የድግግሞሽ ሠንጠረዥ፦ በኤስፒኤስኤስና በኤክሴል ያገኘኋቸው መቶኛዎች ለምን ተለያዩ? ዎርድ ላይስ እንዴት ላስተካክለው?

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን አራተኛ ምዕራፍ እየጻፍኩ ነው። ከ200 መላሾች በመጠይቅ የሰበሰብኩትን መረጃ በድግግሞሽ ሠንጠረዥ ለማቅረብ ስሞክር ሁለት ነገሮች ስላስቸገሩኝ፣ ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው ችግር የቁጥር ነው። መረጃውን መጀመሪያ ያስገባሁት ኤክሴል ላይ ሲሆን፣ መላሹ ሳይመልስ ያለፈው ጥያቄ ሲያጋጥመኝ ሴሉን ባዶ ትቼዋለሁ። በኋላ ወደ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ መተንተኛ ፕሮግራም) ሳዛውረው ባዶ ሴል መተው ጥሩ እንዳልሆነ ስለተነገረኝ ባዶዎቹን ሁሉ በ99 ሞላኋቸው። አሁን «የሥራ ልምድ» የሚለውን ተለዋዋጭ (ከመላሾቹ የተሰበሰበ አንድ ዓይነት መረጃ) በኤክሴል ፒቮት ቴብል፣ ማለትም መረጃን ቆጥሮ በሚያጠቃልለው ሠንጠረዥ፣ ስቆጥረው፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ልምድ ያላቸው 69 ሰዎች 37.5 በመቶ ሆነው ይመጣሉ፤ ኤስፒኤስኤስ ላይ ግን እነዚያው 69 ሰዎች 34.5 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ መቶኛው መለያየቱ ግራ አጋብቶኛል። በኤስፒኤስኤሱ ሠንጠረዥ ላይ «ፐርሰንት» እና «ቫሊድ ፐርሰንት» የሚሉት ሁለት ዓምዶች ደግሞ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ዓምድ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። አማካሪዬ «ትክክሉ የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።

ሁለተኛው የቅርጽ ችግር ነው። ከኤስፒኤስኤስ ኮፒ አድርጌ ዎርድ ላይ ስለጥፈው ሠንጠረዡ ከገጹ ኅዳግ አልፎ ይወጣል፣ ቁጥሮቹ በነጥባቸው አይሰለፉም፣ አንዳንዱ ሠንጠረዥም ለሁለት ገጽ ይከፈልና ሁለተኛው ገጽ ላይ ርዕስ የሌለው የቁጥር ክምር ይሆናል። መሸሸጊያ ሆኖ ያገኘሁት ሠንጠረዡን ፎቶ አንሥቶ እንደ ምስል ማስገባት ነበር፤ አማካሪዬ ግን በአንድ ቃል ከለከሉኝ። እንዲህ ያሉ 20 የሚያህሉ ሠንጠረዦች አሉኝ። በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

ጥያቄዎን በደንብ አብራርተው ስላቀረቡት ችግሩን ለማየት አልከበደኝም። ሁለቱም ፕሮግራሞች በትክክል አስልተዋል፤ የተለያየው ያካፈሉበት ቁጥር ነው። ኤክሴል 69ን ለ184 አካፍሎ 37.5 አገኘ፤ ኤስፒኤስኤስ ደግሞ 69ን ለ200 አካፍሎ 34.5 አገኘ። በመካከላቸው ያሉት 16 ሰዎች ጥያቄውን ያልመለሱት ናቸው። በኤስፒኤስኤሱ ሠንጠረዥ መጨረሻ አካባቢ «99» የሚል ረድፍ፣ ከጎኑም 16 እና 8.0 የሚሉ ቁጥሮች ተቀምጠው እንደሚያገኙ እርግጠኛ ነኝ። ያ ረድፍ ከሥራ ልምድ ምድቦች ጋር እኩል ተሰልፎ መቀመጡ ነው የነገሩ ሁሉ ምንጭ።

ለኤስፒኤስኤስ 99 ተራ ቁጥር ነው። «መልስ የለም» ማለት መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ እንጂ ፕሮግራሙ ካልተነገረው አያውቅም። ስለዚህ ወደ «ቫሪያብል ቪው» ይሂዱ፤ በተለዋዋጩ ረድፍ ላይ «ሚሲንግ» የሚለውን ሴል ሲጫኑ በቀኝ በኩል ትንሽ ቁልፍ ብቅ ትላለች፤ እሷን ተጭነው «ዲስክሪት ሚሲንግ ቫልዩስ» የሚለውን ይምረጡና 99 ብለው ይጻፉ። እስከ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ማስመዝገብ ይቻላል፤ ይህም «አልመለሱም» የሚለውን በ99፣ «አይመለከታቸውም» የሚለውን በ98 ለይቶ ለመያዝ ይጠቅማል። ለእነዚህ ኮዶችም «ቫልዩስ» በሚለው ዓምድ ስያሜያቸውን ይስጧቸው። አንድ ተለዋዋጭ ላይ ከጨረሱ በኋላ የ«ሚሲንግ»ን ሴል ኮፒ አድርገው በሌሎቹ ተለዋዋጮች ላይ መለጠፍ ስለሚቻል ሥራው የደቂቃዎች ነው።

ነገር ግን ከመለጠፍዎ በፊት 99 እውነተኛ መልስ ሊሆን የሚችልበት ተለዋዋጭ እንደሌለ ያረጋግጡ። በዕድሜ፣ በመቶኛ ወይም በቁጥር በሚመለስ ጥያቄ 99 እውነተኛ መልስ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያ 999 ወይም ፈጽሞ ሊመጣ የማይችል ሌላ ቁጥር መጠቀም ይገባል። ይህን አጥብቄ የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው፤ ከዓመታት በፊት በአንድ ጥናት ላይ ዕድሜ ላልጻፉ መላሾች የሞላሁትን 99 ሳላስመዘግብ ቀርቼ፣ የመላሾቹ አማካይ ዕድሜ ከእውነታው በላይ ሆኖ ረቂቁ ውስጥ ገባ። ስህተቱን ያገኘሁት የድግግሞሽ ሠንጠረዡን ከታች ወደ ላይ ሳነብ፣ ዕድሜያቸው 99 የሆነ ብዙ ሰዎች ተሰልፈው ሳይ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማንኛውንም ትንተና ከመጀመሬ በፊት የሁሉንም ተለዋዋጮች ድግግሞሽ አውጥቼ የመጨረሻዎቹን ረድፎች አያለሁ።

99ኙን ካስመዘገቡ በኋላ «አናላይዝ»፣ «ዲስክሪፕቲቭ ስታቲስቲክስ»፣ «ፍሪኩዌንሲስ» ብለው ሠንጠረዡን እንደገና ያውጡት። አሁን 16ቱ «ሚሲንግ» በሚል ክፍል ሥር ተለይተው ይወርዳሉ፣ ሁለቱ የመቶኛ ዓምዶችም ይለያያሉ። «ፐርሰንት» የሚለው መጠይቁን የሞሉትን 200 ሰዎች ሁሉ ያካትታል፤ «ቫሊድ ፐርሰንት» የሚለው ለዚያ ጥያቄ መልስ የሰጡትን 184 ብቻ ይወስዳል። በእርስዎ ቁጥሮች መሠረት ለጽሑፉ የሚሆነው ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

የሥራ ልምድ በዓመት | ቁጥር | መቶኛ | የተጠራቀመ መቶኛ
ከ1 በታች | 23 | 12.5 | 12.5
ከ1 እስከ 5 | 69 | 37.5 | 50.0
ከ6 እስከ 10 | 46 | 25.0 | 75.0
ከ11 እስከ 15 | 30 | 16.3 | 91.3
ከ15 በላይ | 16 | 8.7 | 100.0
ድምር | 184 | 100.0 |

ማስታወሻ፦ 16 መላሾች ይህን ጥያቄ አልመለሱም፤ መቶኛው የተሰላው ከ184 መላሾች ነው።

እርስዎ ከነገሩኝ 69 እና ከድምሩ 184 በስተቀር ያሉት የየምድቡ ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የገመትኳቸው ናቸውና ከራስዎ ውጤት ጋር ያመሳክሯቸው፤ የምፈልገው አካሄዱን ለማሳየት ነው። የመጨረሻዋ ማስታወሻ ግን ለእኔ ከሠንጠረዡ ሁሉ ትበልጣለች፤ አንባቢው መቶኛው የስንት ሰዎች መቶኛ እንደሆነ ካላወቀ ቁጥሩን ሊመዝነው አይችልም። ለአማካሪዎ የሚሰጡት መልስም ይኸው ነው፤ ሁለቱም መቶኛዎች የየራሳቸው ጥያቄ መልስ ናቸው፣ እርስዎ የመረጡት የመላሾቹን ነው፣ ያልመለሱትንም አልደበቁም። ያልመለሱት ሰዎች ብዛት ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ሩብ ያህሉ ጥያቄውን ቢያልፉት፣ ለምን እንዳለፉት በጽሑፉ ውስጥ መወያየት ግዴታ ይሆን ነበር።

የተጠራቀመ መቶኛን፣ ማለትም የየምድቡ መቶኛ ከላይ ወደ ታች እየተደመረ የሚሄድበትን ዓምድ፣ በተመለከተ፣ ኤስፒኤስኤስ ዓምዱን ለሁሉም ሠንጠረዥ ያወጣል፤ እርስዎ ግን ለሁሉም ማቅረብ የለብዎትም። የሥራ ልምድ ከትንሽ ወደ ትልቅ ስለሚሄድ «ግማሾቹ 5 ዓመትና ከዚያ በታች ልምድ አላቸው» ለማለት ያስችላል። 99ኙ ሳይመዘገብ በቀረበት ሠንጠረዥ ይኸው ቦታ ላይ 46.0 ይል ስለነበር «ከግማሽ በታች ናቸው» ብለው በጻፉ ነበር። የጾታ፣ የሙያ ዓይነት ወይም የመኖሪያ አካባቢ ሠንጠረዥ ላይ ግን ምድቦቹ ቅደም ተከተል ስለሌላቸው የተጠራቀመው ዓምድ ትርጉም የለውም፤ ከሠንጠረዡ ይሰርዙት።

የነጥብ ቤቱንም በአንድ አሥርዮሽ ይገድቡት። ከ184 ሰዎች አንዱ ብቻውን 0.54 በመቶ ነው፤ አንድ ሰው ግማሽ ነጥብ በሚያንቀሳቅስበት ጥናት 16.30 ብሎ መጻፍ የሌለ ጥራት እንዳለ ያስመስላል።

ምላሽ፦ የጽሑፍ አርታኢ

መምህሩ ስለ ቁጥሩ የጻፉት ይበቃል፤ እኔ የብዙ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ለኅትመት ሳዘጋጅ ስለኖርኩ ስለ ቅርጹ ላክል። በመጀመሪያ፣ አማካሪዎ ምስል መከልከላቸው ተገቢ ነው። ምስል የሆነ ሠንጠረዥ ላይ አንድ አኃዝ ማረም አይቻልም፣ ሲሰፋና ሲጠብ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ በፍለጋ አይገኝም፣ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ጽሑፍን የሚያነብ ፕሮግራምም ውስጡን ሊያነበው አይችልም።

ሥራውን ከኤስፒኤስኤስ ይጀምሩት። «ኤዲት»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፒቮት ቴብልስ» በሚለው ክፍል «ቴብልሉክ» የሚባሉ የሠንጠረዥ አልባሳት አሉ፤ ከመካከላቸው «አካዳሚክ» የሚል ስም ያለውን ቢመርጡ ከዚያ በኋላ የሚወጡት ሠንጠረዦች ሁሉ የቁም መስመርና የጀርባ ቀለም ሳይኖራቸው ይመጣሉ። ምርጫው የሚሠራው አዲስ ለሚወጡ ሠንጠረዦች ስለሆነ ከመረጡ በኋላ ትንተናውን እንደገና ያስኪዱት። ቀድሞ የወጣውን መለወጥ ከፈለጉ ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ ተጭነው ከከፈቱ በኋላ «ፎርማት» ከሚለው ሜኑ ያገኙታል። ለ20 ሠንጠረዥ አንድ በአንድ ከመድከም ይህን አንድ ጊዜ ማድረጉ እጅግ ይሻላል። ትእዛዞቹንም «ፔስት» በሚለው ቁልፍ ወደ ሲንታክስ (ትእዛዞች በጽሑፍ የሚቀመጡበት) መስኮት አውጥተው ቢያስቀምጡ፣ መረጃው ላይ አንድ እርማት ባደረጉ ቁጥር ሁሉንም ሠንጠረዥ በአንድ ጊዜ መልሰው ማውጣት ይችላሉ።

ወደ ዎርድ ሲሻገሩ ብዙ ሰው የሚደክመው የተለጠፈውን ሠንጠረዥ በመጠገን ነው። እኔ የምመክረው የተለጠፈውን እንደ መነሻ ወስዶ መስመሮቹን ሁሉ ማጥፋትና እንደገና ሦስት አግድም መስመሮች ብቻ ማስመር ነው፤ አንዱ ከዓምድ ርዕሶቹ በላይ፣ አንዱ ከርዕሶቹ በታች፣ አንዱ ከመጨረሻው ረድፍ በታች። የኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የጽሑፍ አቀራረብ መመሪያ) ሰባተኛ እትም ሥርዓትም የቁም መስመር አይፈቅድም። በዚያ ሥርዓት የሠንጠረዡ ቁጥር በደማቁ ከላይ ይጻፋል፣ ርዕሱ በሚቀጥለው መስመር ላይ በተጋደመ ፊደል ይሆናል፣ ማስታወሻው ደግሞ ከሠንጠረዡ ሥር ይገባል። ተቋምዎ የራሱ መመሪያ ካለው ግን እሱ ይቀድማል። የአማርኛ ርዕስን ማጋደም ለፊደላችን ቅርጽ የሚስማማ አይመስለኝም፤ መመሪያው ካላስገደደዎት ቀጥ አድርገው ቢተዉት ለዓይን ይቀልላል።

ከኅዳግ ማለፉን ለማስተካከል ሠንጠረዡን መርጠው «ሌይአውት» ውስጥ «ኦቶፊት» የሚለውን፣ ከዚያም «ኦቶፊት ዊንዶው»ን ይጫኑ፤ ስፋቱ ከገጹ ጽሑፍ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ የመጀመሪያውን ዓምድ ሰፋ፣ የቁጥር ዓምዶቹን ጠበብ አድርገው በእጅ ያስተካክሉ።

አሁን ቁጥሮቹን በነጥባቸው ማሰለፍ ላይ ደርሰናል፤ ይህን በዝርዝር የምጽፈው አብዛኛው ሰው በባዶ ቦታ ቁልፍ እየገፋ ስለሚያሰልፈውና ፎንት በተለወጠ ቁጥር ስለሚፈርስበት ነው። 8.7 እና 16.3 መሐል ላይ ሲደረደሩ ነጥቦቹ አይገጥሙም፣ ዓይንም ትልቁንና ትንሹን ለመለየት ይቸገራል። መጀመሪያ የዓምዱን ሴሎች በሙሉ መርጠው ጽሑፉን ወደ ግራ ያስጠጉት፤ መሐል ወይም ቀኝ ላይ ከተተወ የሚቀጥለው እርምጃ እንደሚገባው አይሠራም። ከዚያ ከገጹ በላይ ያለውን ማስመሪያ ያሳዩና በግራ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ካሬ ደጋግመው ይጫኗት፤ በእያንዳንዱ ጫና ምልክቷ ይቀያየራል፣ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «T» የመሰለና አጠገቡ ነጥብ ያለበት ምልክት ሲመጣ ያቁሙ። ያ የነጥብ ታብ ነው። አሁን በዓምዱ መሐል አካባቢ ማስመሪያውን አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ የታብ ቁልፍን መንካት ሳያስፈልግ ቁጥሮቹ ሁሉ በነጥባቸው ተሰካክተው ይቆማሉ። የዓምዱን ርዕስ ሴል ከዚህ ምርጫ ውጭ ያድርጉት። የመቶኛ ምልክትንም በየሴሉ መድገም አያስፈልግም፣ ርዕሱ ላይ አንድ ጊዜ መኖሩ ይበቃል።

ለሁለት ገጽ የሚከፈለውን በተመለከተ፣ አጭር ሠንጠረዥ ፈጽሞ መከፈል የለበትም። ከመጨረሻው ረድፍ በስተቀር ያሉትን ረድፎች መርጠው በ«ፓራግራፍ» ቅንብር ውስጥ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» የሚለውን ያብሩ፤ ሠንጠረዡ አንድ ላይ ተያይዞ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። ከአንድ ገጽ የሚረዝም ከሆነ ግን የርዕስ ረድፉን መርጠው «ሪፒት ሄደር ሮውስ» የሚለውን ይጫኑ፤ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ርዕሱ ራሱ ይደገማል። በእጅዎ ርዕስ ገልብጠው ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዳይጽፉ፤ ከላይ አንድ አንቀጽ ሲጨምሩ ያ ርዕስ ሠንጠረዡ መሐል ገብቶ ያገኙታል።

የሠንጠረዡን ቁጥርም በእጅ አይጻፉ። «ሪፈረንስስ» ውስጥ «ኢንሰርት ካፕሽን» የሚለውን ከፍተው «ኒው ሌብል» በሚለው «ሠንጠረዥ» የሚል መጠሪያ ይፍጠሩ። ጽሑፉ ውስጥ «ሠንጠረዥ 7 እንደሚያሳየው» የሚሉትንም በ«ክሮስ ሪፈረንስ» ያስገቡ። ሰባተኛው ላይ አዲስ ሠንጠረዥ ቢገባ፣ ጽሑፉን ሁሉ መርጠው ኤፍ9ን ሲጫኑ ሁሉም ቁጥሮች ይስተካከላሉ፤ የሠንጠረዦች ማውጫውም ከዚሁ ይወጣል።

አንዲት ነገር ልጨምር። ታይምስ ኒው ሮማን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ዎርድ የአማርኛውን ጽሑፍ በራሱ ምርጫ እንደ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ባለ ሌላ ፎንት ይተካዋል፤ በዚህ ምክንያት አማርኛ ያለበት ረድፍ ቁጥር ብቻ ካለበት ከፍ ብሎ ይታያል። ሠንጠረዡን በሙሉ በአንድ የአማርኛ ፎንት ካደረጉትና የመስመር ክፍተቱን «ኤግዛክትሊ» በሚለው በቁጥር ከወሰኑት ረድፎቹ እኩል ይሆናሉ።

የጠያቂው መልስ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር እንዳሉት «99» የሚለው ረድፍ ነበረ፤ ካስመዘገብኩት በኋላ ሁለቱ ፕሮግራሞች ተስማሙ። የ69ኙ መቶኛም እንዳሉት 37.5 ሆኖ አገኘሁት። የነጥብ ታቡንም አራት ሠንጠረዥ ላይ ሞክሬ ሠርቶልኛል።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። መጠይቁ ላይ «በጣም አልስማማም» ከሚለው እስከ «በጣም እስማማለሁ» ድረስ አምስት ምርጫ ያላቸው 15 ጥያቄዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሠንጠረዥ ማውጣት አለብኝ? «የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ምልክት ያድርጉ» በሚለው ጥያቄ ደግሞ መቶኛዎቹ ሲደመሩ ከ100 በላይ ሆኑብኝ። ምን ተሳስቻለሁ?

ምላሽ፦ የመረጃ ተንታኝ

በመጀመሪያ ስለ ኤክሴሉ አንድ ማብራሪያ ልስጥ፣ ነገ ሌላ ቦታ እንዳያሳስትዎት። ፒቮት ቴብል ላይ ያንኑ «የሥራ ልምድ» ዓምድ በረድፍም በመቁጠሪያም ቦታ ስላስገቡት፣ ባዶ ሴል ሳይቆጠር ቀረ፤ 184 የመጣው ከዚያ ነው። በመቁጠሪያው ቦታ የመላሹን መለያ ቁጥር ቢያስገቡና ስሌቱን ወደ «ካውንት» ቢለውጡት ኖሮ 16ቱ «ብላንክ» በሚል ረድፍ ላይ ይወጡ፣ መቶኛውም ከ200 ይሰላ ነበር። ስለዚህ ኤክሴል ትክክለኛውን የሰጠዎት በአጋጣሚ ነው። ሁልጊዜ በመለያ ቁጥር ቆጥረው ባዶዎቹን በዓይንዎ ካዩ በኋላ አውቀው ቢያስወጧቸው ይመረጣል።

ለ15ቱ ጥያቄዎች 15 ሠንጠረዥ ማቅረብ አንባቢን ማድከም ነው። ጥያቄዎቹን በረድፍ፣ አምስቱን ምርጫዎች በዓምድ አድርገው አንድ ሠንጠረዥ ይሥሩ። ኤስፒኤስኤስ ላይ «ከስተም ቴብልስ» የሚባለው ክፍል ይህን ይሠራል፤ ነገር ግን ለብቻው ፈቃድ ስለሚጠይቅ በሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ አይገኝም። ከሌለዎት ኤክሴል ላይ «ካውንትኢፍ» የሚባለው የመቁጠሪያ ቀመር ይበቃል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ዓምድ እንደ መቁጠሪያ ክልል፣ ከላይ የጻፉትን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ደግሞ እንደ መመዘኛ ይስጡት። የክልሉን አድራሻ በኤፍ4 ቁልፍ በዶላር ምልክት ቆልፈው ወደ ቀኝ ከጎተቱት አምስቱም ይቆጠራሉ። ወደ መቶኛ ሲለውጡ ያካፈሉበት ቁጥር የዚያ ረድፍ መላሾች ድምር ይሁን እንጂ 200 አይሁን፤ በየጥያቄው ያልመለሱት ሰዎች ብዛት ይለያያልና። ለዚህም ሲባል በረድፉ መጀመሪያ ላይ የመላሾችን ብዛት የሚያሳይ አንድ ዓምድ ያስገቡ።

በዚህ መንገድ የሚያገኙት ሌላ ጥቅም አለ። የኤስፒኤስኤስ «ፍሪኩዌንሲስ» ማንም ያልመረጠውን ምርጫ ከሠንጠረዡ ጨርሶ ያስቀረዋል። «በጣም አልስማማም» የሚለውን ማንም ካልመረጠ፣ ሠንጠረዡ ላይ አራት ረድፍ ብቻ ያያሉ፤ አንባቢው ምርጫው መጠይቁ ላይ ያልነበረ ሊመስለው ይችላል። ማንም አለመምረጡ ራሱ ውጤት ነው፤ «ካውንትኢፍ» በቦታው 0 ብሎ ይጽፍልዎታል።

በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ መቶኛዎቹ ሲደመሩ 99.9 ወይም 100.1 ከሆኑ ደግሞ አይደንግጡ። 186 ሰዎች በሦስት ምድብ እኩል 62፣ 62፣ 62 ቢከፈሉ እያንዳንዱ 33.3 ይሆንና ድምሩ 99.9 ይመጣል። አንዱን ወደ 33.4 ማሳደግ ቁጥር መቀየር ነው፣ አያድርጉት፤ ከሥሩ «በማጠጋጋት ምክንያት ድምሩ በትክክል 100 ላይሆን ይችላል» ብለው ይጻፉ።

«ምልክት ያድርጉ» ወደሚለው ጥያቄ ስንመጣ፣ የተሳሳቱት ነገር የለም። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ፕሮግራም መምረጥ ስለሚችል ምርጫዎቹ ከሰዎቹ ይበዛሉ። 150 ሰዎች በድምሩ 240 ምርጫ አድርገው፣ አንዱን ፕሮግራም 96 ሰዎች ቢመርጡት፣ ከምርጫዎቹ አንጻር 40.0 በመቶ፣ ከሰዎቹ አንጻር ግን 64.0 በመቶ ነው። ኤስፒኤስኤስ «አናላይዝ» ውስጥ «መልቲፕል ሪስፖንስ» በሚለው ሥር ተለዋዋጮቹን በአንድ ቡድን ካሰባሰቡለት ሁለቱንም መቶኛ ጎን ለጎን ያወጣል። ስንት ሰው እንደሚጠቀም ለማወቅ ከሆነ ጥናትዎ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ድምሩ ከ100 ስለሚበልጥ የመቶኛ ድምር ረድፍ አያስገቡ፤ በምትኩ «አንድ መላሽ ከአንድ በላይ መምረጥ ይችል ነበር» የሚል ማስታወሻ ከሥሩ ያኑሩ።

የጠያቂው መልስ

15ቱን ጥያቄዎች በአንድ ሠንጠረዥ አደረግኋቸው፤ ዘጠኝ ገጽ የነበረው አንድ ገጽ ሆነ። አንድ የመጨረሻ ነገር ብቻ፤ ዕድሜን ቁጥር አድርጌ ስለሰበሰብኩት ድግግሞሹ 38 ረድፍ ያህል ሆኗል። 20–30፣ 30–40፣ 40–50 ብዬ ብከፋፍለው ችግር አለው?

ምላሽ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

አለው፤ 30 ዓመት የሆነው ሰው በሁለት ምድብ ውስጥ ገብቷል። 20–29፣ 30–39፣ 40–49 እያሉ ይክፈሉት። ኤስፒኤስኤስ ላይ «ትራንስፎርም» ሥር ያለው «ቪዥዋል ቢኒንግ» ወይም «ሪኮድ ኢንቱ ዲፈረንት ቫሪያብልስ» ይህን ያደርጋል። ሁለተኛውን ሲጠቀሙ አዲስ ስም ይስጡትና የመጀመሪያው የዕድሜ ዓምድ ሳይነካ ይቆይ፤ አማካዩንና ሚዲያኑን የሚያሰሉት ከእሱ ነው። ለዕድሜ 99ን በሌላ ቁጥር ከቀየሩት፣ አዲሱ ምድብ ውስጥ «50 እና ከዚያ በላይ» የሚለው ረድፍ ያንን ቁጥር ይዞ እንዳይመጣ፣ ከመከፋፈልዎ በፊት በ«ሚሲንግ» መመዝገቡን አንድ ጊዜ ደግመው ይመልከቱ፤ «ሪኮድ» ግን በክልሉ ውስጥ ያለውን የተመዘገበ ቁጥርም ስለሚያካትት፣ እዚያ «ሲስተም ኦር ዩዘር ሚሲንግ» የሚለውን ወደ «ሲስተም ሚሲንግ» እንዲቀየር ያድርጉ።